ማሪያኖ ሪቬራና ዘጠነኛው ኢኒንግ

የብሮንክሱ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ስለ ስፖርት ሲወራ ሁሌ እግር ኳስና ሩጫ ነው። ዛሬ እስቲ ስለ ቤዝቦል እናውራ። ያውም ስለ አንድ ሰው፣ ስለ ኒውዮርክ ያንኪሱ ማሪያኖ ሪቬራ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ልበል። ቤዝቦል ዘጠኝ ዙር አለው፤ ዙሩ ኢኒንግ ይባላል። አንዱ ቡድን ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። መቺው ቤዝ የሚባሉትን ማረፊያዎች በሩጫ አዳርሶ ከተመለሰ ነጥብ ነው፤ ሳይሳካለት ከወጣ አውት ይባላል። ሦስት መቺ አውት ሲሆን ይቀያየራሉ። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ አምስት ስድስት ኢኒንግ ከሠራ በኋላ ክንዱ ይዝላል። ያኔ ቡልፔን ከሚባለው የማሟሟቂያ ቦታ ሌላ ወርዋሪ ይጠራል። ተቀያሪ ወርዋሪ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከነሱ መካከል የመጨረሻውን ኢኒንግ የሚዘጋው ክሎዘር ነው። ቡድኑ በጠባብ ልዩነት እየመራ ገብቶ ድሉን ሳያስነጥቅ ከጨረሰ ሴቭ ይመዘገብለታል።

ሪቬራ ከ1995 እስከ 2013 ለአንድ ቡድን ብቻ ተጫወተ። 652 ሴቭ አለው፤ እስካሁን የሚስተካከለው የለም። በ2019 ለኩፐርስታውን የክብር አዳራሽ ድምፅ ሲሰጥ ከ425 ጋዜጠኞች 425ቱም መረጡት። ከሱ በፊት ለማንም እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

እኔን የሚገርመኝ ግን አነሳሱ ነው። በ1969 ፓናማ ተወለደ። ያደገው ፖርቶ ካይሚቶ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አባቱ የዓሣ ጀልባ ካፒቴን ነበር። ልጆቹ የቤዝቦል ጓንት የሚሠሩት ከካርቶን ነው። ኳሱ ደግሞ በፕላስተር የተጠቀለለ የመረብ ቁራጭ ነው። አድጎ እሱም ጀልባ ላይ ሠራ። አንድ ቀን ጀልባዋ ስትገለበጥ ለትንሽ ተረፈ።

ወርዋሪ የሆነውም ሳይታሰብ ነው። በአማተር ቡድኑ ውስጥ ሾርትስቶፕ ነበር፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ ማለት ነው። አንድ ጊዜ የቡድኑ ወርዋሪ ክፉኛ ሲመታበት እሱ ገብቶ ተካው። ጥሩ ወረወረ። የያንኪስ መልማይ ኸርብ ሬይቦርን ከዓመት በፊት በሾርትስቶፕነት አይቶት አልፎት ነበር። አሁን ተመልሶ መጣና በ1990 ከ3,000 ዶላር በማይበልጥ ገንዘብ አስፈረመው። ልጁ 20 ዓመቱ ነው፤ እንግሊዝኛ አይችልም።

በ1992 ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮሎራዶና ፍሎሪዳ አዲስ ቡድን ሲመሠርቱ ከነባሮቹ ቡድኖች ተጫዋች እንዲመርጡ ተፈቀደ። ያንኪስ "ይሄን አንሰጥም" ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ሪቬራ አልነበረም። ሁለቱም አልፈለጉትም። በግንቦት 1995 ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቁ ሊግ (ሜጀር ሊግ) ወረወረ፤ ያውም ጨዋታ ጀማሪ ሆኖ። አራተኛውን ኢኒንግ ሳይጨርስ አምስት ነጥብ ገባበት፣ ቡድኑ 10 ለ 0 ተሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ታችኛው ሊግ መለሱት።

የምታውቁትን ጨምሩበት። የማትስማሙም ካላችሁ በደስታ እንከራከራለን።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። ካቆምክበት ልቀጥል።

ታችኛው ሊግ ኮሎምበስ ከተማ እያለ ትከሻውን ስላመመው ጥቂት አረፈ። ተመልሶ ሲወረውር በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ኳሱ ከ150 በላይ ሄደ። የያንኪስ ኃላፊ ጂን ማይክል ሪፖርቱን ሲሰማ መለኪያው የተበላሸ መስሎት ደጋግሞ አጣራ። በዚያ ሰሞን ሪቬራን ለዲትሮይት ሰጥቶ ዴቪድ ዌልስን ለመቀበል ንግግር ነበር። ፍጥነቱ እውነት ሆኖ ሲገኝ ነገሩ ቀረ።

በ1996 ክሎዘሩ ጆን ዌትላንድ ነው። ሪቬራ ከሱ በፊት ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ኢኒንግ ይሠራ ነበር። በዚያ ዓመት ከ107 ኢኒንግ በላይ ወረወረ፣ 130 መቺ በስትራይክ አውት፣ ማለትም ኳሱን ሳይመቱ፣ አስወጣ። ለኔ ከሁሉም የበለጠው ዓመቱ ያ ነው። ያንኪስ ሲመራ ተጋጣሚው ስድስት ኢኒንግ ብቻ ነበር የሚቀረው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተዘግቷል። ዋንጫውንም በሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በሰኔ 1997 ዲትሮይት ላይ ከጨዋታ በፊት ከራሚሮ ሜንዶሳ ጋር ኳስ እየተቀባበሉ ሳለ ሪቬራ የወረወረው ኳስ መጨረሻ ላይ ወደ ጎን መሸሽ ጀመረ። ሜንዶሳ መያዝ አቃተው። ሪቬራ ራሱ ምን እንደተለወጠ አላወቀም። ከአሠልጣኙ ከሜል ስቶትልማየር ጋር ሆነው ኳሱን ለማቅናት ቀናት ፈጁ። አልቀና አለ። በመጨረሻ ተዉት። ያ ከተር የሚባለው ውርወራ ነው።

ከወርዋሪው እስከ መቺው 18.44 ሜትር ነው። ኳሱ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። መቺው ዱላውን ለመሰንዘር የሚወስነው ኳሱ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ነው። የሪቬራ ኳስ እስከዚያ ድረስ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ከወሰንክ በኋላ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይታጠፋል። ግራኝ መቺ ከሆንክ ወደ እጅህ ይገባና የዱላህን ቀጭን ጎን ያገኛል። ዱላው ይሰበራል። በ2013 ስንብቱ የሚኒሶታ ቡድን ከተሰባበሩ ዱላዎች የተሠራ ተወዛዋዥ ወንበር የሸለመው በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞ ሁሉም ምን እንደሚመጣ ያውቃል። አብዛኛው ወርዋሪ ሦስት አራት ዓይነት ኳስ እየቀያየረ ነው የሚያታልለው። እሱ በ43 ዓመቱም ያንኑ ነበር የሚወረውረው።

የቦስተን ሰው

ሰላም። እኔ የሬድ ሶክስ ደጋፊ ነኝ፣ አስቀድሜ ልናገር። ሪቬራን አከብራለሁ፤ ግን የክሎዘር ሥራ ከሚገባው በላይ ይጋነናል።

ሪቬራ በ19 ዓመት የወረወረው 1,283 ኢኒንግ ነው። የኛው ፔድሮ ማርቲኔዝ ብዙ ጉዳት ደርሶበት እንኳ ከ2,800 በላይ ወርውሯል። ሮጀር ክሌመንስ 5,000 ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከእጥፍ በላይ የሠራ ሰው እንዴት እኩል ይቆጠራል?

ሴቭ የሚባለውም ቁጥር ችግር አለበት። ሦስት ነጥብ እየመራህ ገብተህ ሁለት ቢገባብህ እንኳ ጨዋታውን ከጨረስክ ሴቭ ይጻፍልሃል። በሰባተኛው ኢኒንግ ሦስቱም ቤዝ ሞልቶ ሳለ ገብቶ ያዳነው ግን አይጻፍለትም። አንዳንዴ ጨዋታው የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ድምፁ። ቤብ ሩት በ1936 ከ226 ድምፅ 215 ነው ያገኘው። ዊሊ ሜይስ በ1979 ከ432ቱ 409። ሃንክ አሮን በ1982 ከ415ቱ 406። እነዚህ ሰዎች ሙሉ ድምፅ ካላገኙ ክሎዘር እንዴት ያገኛል? ይህ ነገር አሁንም አይዋጥልኝም።

ጋሽ ተመልካች

ልጆች፣ ጥሩ ክርክር ነው። እኔ ሎስ አንጀለስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዶጀርስን ብዙ ዓመት ተከታትያለሁ። ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰደው።

ሴቭ በይፋ መቆጠር የጀመረው በ1969 ነው። ሐሳቡ የቺካጎው ጋዜጠኛ የጀሮም ሆልዝማን ነው። ያኔ ተቀያሪ ወርዋሪ እንደ ዛሬው አንድ ኢኒንግ ሠርቶ አይወጣም። የዶጀርሱ ማይክ ማርሻል በ1974 በ106 ጨዋታ ገብቶ 208 ኢኒንግ ወረወረ። በአንድ የውድድር ዘመን! ሳይ ያንግ የተባለውን የዓመቱን ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት በመውሰድ ከተቀያሪዎች የመጀመሪያው እሱ ነው። ዛሬ ማንም አሠልጣኝ ይህን አይደፍርም።

የአንድ ኢኒንጉን አሠራር ያጠናከረው ኦክላንድ ነው፤ አሠልጣኙ ቶኒ ላ ሩሳ፣ ወርዋሪው ዴኒስ ኤከርስሊ። ኤከርስሊ ቀድሞ ጨዋታ ጀማሪ ነበር። በ1987 መጀመሪያ ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ ሕክምና ገባ፤ በዚያው ዓመት ኦክላንድ ወሰደው። ያለቀለት ነው ተብሎ ነበር። ከዚያ ክሎዘር ሆኖ ሁለተኛ ሕይወት አገኘ።

በጥቅምት 1988 የወርልድ ሲሪስ (የሻምፒዮናው ፍጻሜ) የመጀመሪያ ጨዋታ እኛ ከተማ ነበር። ኦክላንድ 4 ለ 3 ይመራል። ዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ሁለት አውት ሆኗል፣ አንድ ሰው ቤዝ ላይ አለ። ዶጀርስ ሁለት እግሩ የተጎዳውን ከርክ ጊብሰንን አስገባ። ሰውየው ለመራመድ ይቸገር ነበር። ኤከርስሊ በመጨረሻ አንድ የሚታጠፍ ኳስ ላከለት፤ ጊብሰን ሆም ረን መታው፤ ኳሱ ከአጥሩ ማዶ ወጣ ማለት ነው። ጨዋታው አለቀ። ዶጀርስ ዋንጫውንም ወሰደ።

ያ ሰው ምን አደረገ? በ1990 ከ73 ኢኒንግ በላይ ወርውሮ በነፃ (አራት የሳተ ኳስ ወርውሮ) ወደ ቤዝ ያሳለፈው አራት መቺ ብቻ ነው። በ1992 የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። እኔ ይህን ሥራ የምለካው በዚህ ነው። ከተሸነፍክ በኋላ በማግስቱ ያንኑ ቦታ ትቆማለህ።

ማለዳ

ጋሼ ያነሱት ነገር ለሪቬራም ዋናው ይመስለኛል። ሰው ስለሱ ሲያወራ ድሉን ብቻ ይቆጥራል። እኔ የ2001ዱን ሽንፈት ላንሳ።

ኅዳር 4 ቀን 2001፣ አሪዞና። የወርልድ ሲሪስ ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ። ኒውዮርክ ከመስከረሙ ጥቃት ገና አላገገመችም። ያንኪስ 2 ለ 1 ይመራል። ሪቬራ በስምንተኛው ገብቶ ሦስት መቺ በስትራይክ አስወጣ። እስከዚያ ቀን በፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረጉት የዋንጫ ግጥሚያዎች) 23 ሴቭ በተከታታይ አስመዝግቧል። ሁሉም ያለቀ መስሎታል።

ዘጠነኛው ላይ ማርክ ግሬስ መታበትና ቤዝ ገባ። ቀጣዩ መቺ ኳሱን በቀስታ ነካ አደረገው። ሪቬራ ራሱ አንስቶ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሲወረውር ሳተ። እጁ እንደዚያ የታመነ ሰው! ከዚያ አንድ አውት አገኘ። ቶኒ ዎማክ መታ፣ 2 ለ 2 ሆኑ። ቀጣዩን ኳሱ ነካውና ቤዝ ሁሉ ሞላ። ሉዊስ ጎንዛሌዝ መጣ። ከተሩ የጎንዛሌዝን ዱላ ሰበረው፤ ኳሱ ግን ቀረብ ብለው በቆሙት ተከላካዮች አናት ላይ አለፈና ሣሩ ላይ ወደቀ። አሪዞና ሻምፒዮን።

ልብ በሉ፤ ውርወራው አልከሸፈም። የሚሠራውን ሠርቷል። ይህ ሥራ እንዲህም ያደርጋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም አያውቅም። የያንኪሱ ኤንሪኬ ዊልሰን ቡድኑ ቢያሸንፍ ኖሮ ለድል ሰልፉ ኒውዮርክ ይቆይ ነበር። ከሰልፉ በኋላ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚሄድበት አውሮፕላን ኅዳር 12 ቀን ኩዊንስ ላይ የተከሰከሰው በረራ ቁጥር 587 ነው። በዚያ አደጋ 265 ሰው ሞተ። ሰልፉ ስለቀረ ዊልሰን ቀድሞ ሄደ። ሪቬራ ይህን ካወቀ በኋላ ሽንፈቱን በጸጋ እንደተቀበለው ተናግሯል፤ ጓደኛው ተርፏልና።

የቦስተኑ ወንድሜ፣ ላልከው አንድ መልስ አለኝ። በፕሌይኦፍ ሪቬራ 141 ኢኒንግ ወርውሮ በሱ ስም የተቆጠረው 11 ነጥብ ብቻ ነው። በየዘጠኝ ኢኒንጉ 0.70 ማለት ነው። ሆም ረን የመቱበት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ በ1997 ሳንዲ አሎማር ትንሹ፣ በ2000 ጄይ ፔይተን። ይህ ሁሉ ከምርጥ ቡድኖች ጋር፣ ውጤቱ በሚወሰንበት ሰዓት ነው።

የቦስተን ሰው

ማለዳ፣ የፕሌይኦፉን እቀበላለሁ። እሱን ማንም አይክድም።

ሽንፈት ካነሳን የ2004ቱን እኔ ልጻፍ፣ የኛ ስለሆነ። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት ግጥሚያ ያንኪስ 3 ለ 0 እየመራን ነበር። ከዚያ ተከታታይ ጨዋታ ጥቂት ቀን በፊት ሪቬራ ፓናማ በሚገኘው ቤቱ ሁለት ዘመዶቹ ገንዳ ውስጥ በኤሌክትሪክ አደጋ ሞቱበት። ቀብር ሄዶ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ተመልሶ በዚያው ምሽት ዘጋው። በአራተኛው ጨዋታ ስምንተኛው ላይ 4 ለ 3 እየመሩ ገባ። ዘጠነኛው ላይ ሚላርን በነፃ አሳለፈ። ዴቭ ሮበርትስ ተቀይሮ ሊሮጥለት ገባ፤ ኳሱ ሳይመታ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ሮጦ እንደሚሰርቅ ሜዳው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፣ ሰረቀ። ቢል ሚውለር መታ፣ እኩል ሆንን። በ12ኛው ኢኒንግ አሸነፍን፤ የቀሩትንም ጨምረን ከ1918 በኋላ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳን።

በቀጣዩ ሚያዝያ ፌንዌይ ሜዳ ላይ የዋንጫ ቀለበት ሲታደል የተጋጣሚ ተጫዋቾች ስም ተጠራ። የሪቬራ ስም ሲጠራ የቦስተን ሕዝብ ድሉን ስላስነጠቀልን እየቀለደበት ተነሥቶ አጨበጨበለት። ሪቬራ ለመናደድ በቂ ምክንያት ነበረው። እሱ ፈገግ አለና ኮፍያውን አነሣልን። ከዚያ ቀን በኋላ ጠላቴ ነው ማለት አልቻልኩም።

የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። እያነበብኩ ነው የቆየሁት። የ12 ዓመት ልጄ እዚህ ሜሪላንድ ወርዋሪ ነው። አሠልጣኙ ባለፈው ሳምንት ከጀማሪነት አውጥቶ ተቀያሪ አደረገው። ልጄ ዝቅ የተደረገ መስሎት ከፍቶታል። ምን ልበለው?

ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ እንኳን መጣሽ። ከትልልቆቹ ተቀያሪዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ ሌላ ነገር ነበሩ በዪው። ከሪቬራ በፊት የሴቭ ክብረ ወሰን የያዘው ትሬቨር ሆፍማን ሾርትስቶፕ ነበር። የኩራሳኦው ኬንሊ ጃንሰን ከወርዋሪው ፊት ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚይዝ ካቸር ነበር። ሪቬራንም ከመጀመሪያው ያየሽው ነው።

ከዚያ በላይ ግን የክንዱ ነገር ያሳስበኛል። የሜጀር ሊግና የአሜሪካ ቤዝቦል ማኅበር ያወጡት መመሪያ ከ11 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ85 ውርወራ በላይ አይፈቅድም። ብዙ ከወረወረ የዕረፍት ቀናትም አሉት። በሁለት ቡድን የሚጫወት ከሆነ አንቺ ራስሽ ቁጠሪ፤ አንዱ አሠልጣኝ ሌላው ዘንድ ስንት እንደወረወረ አያውቅም። ክርኔን አመመኝ ካለ ያን ቀን ያቁም። በዚህ ዕድሜ በሕመም ላይ መወርወር ጀግንነት አይደለም። አዋቂዎቹ የክርን ጅማት ሲበጠስባቸው ቶሚ ጆን የሚባለው ቀዶ ሕክምና አለ፣ ለመመለስ ግን ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይፈጃል።

የሁለት ልጆች እናት

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ በእውነት። የሚጫወተው በሁለት ቡድን ነው። ዛሬውኑ እጠይቃለሁ።

የብሮንክሱ

እህቴ፣ ጎበዝ። ልጅሽን በርታ በዪልን።

ስለ ጉዳት ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። የአብዛኛው ክሎዘር ዕድሜ አጭር ነው። የዶጀርሱ ኤሪክ ጋኜ ከ2002 እስከ 2004 ድረስ 84 ሴቭ አንድም ሳይስት በተከታታይ አስመዘገበ። ከዚያ ክንዱ ተበላሸ፤ እንደቀድሞው ሆኖ ዳግም አልታየም። ኤድዊን ዲያዝ በ2022 መጨረሻ ከሜትስ ጋር የ102 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከጥቂት ወራት በኋላ ለፖርቶ ሪኮ ተጫውቶ ድሉን ሲያከብር የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፣ ዓመቱን ሙሉ ከሜዳ ራቀ። ስማቸው የማይታወቁት ደግሞ አሉ። ስልክ ተደውሎ ይሟሟቃሉ፣ ሳይገቡ ይቀመጣሉ። ክንዳቸው ግን ደክሟል፤ የትም አይመዘገብም። አንድ ክፉ ሳምንት ካሳለፉ ታችኛው ሊግ ይላካሉ።

ሪቬራም በግንቦት 2012 ካንሳስ ሲቲ ላይ ከጨዋታ በፊት ኳስ እየቀለበ ሳለ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። 42 ዓመቱ ነው። ሁሉም አበቃ አለ። እሱ እመለሳለሁ አለና ተመልሶ በ2013 44 ሴቭ አስመዘገበ። በመስከረም የመጨረሻ ጨዋታው ላይ ከሜዳ እንዲያወጡት የተላኩት ጓደኞቹ ዴሪክ ጄተርና አንዲ ፔቲት ነበሩ። ፔቲት ትከሻ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ማልያውም 42 ቁጥር ነው። ሜጀር ሊግ በ1997 በዘመናዊው ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ለነበረው ለጃኪ ሮቢንሰን ክብር ይህን ቁጥር ከሁሉም ቡድን ሲያነሣ ቀድመው የለበሱት እንዲቀጥሉ ፈቀደ። ሪቬራ የመጨረሻው ነው። ከሱ በኋላ ቁጥሩን መደበኛ መለያው የሚያደርግ የለም።

የቦስተን ሰው፣ ስለ ሙሉ ድምፁ። ሩትና ሜይስ ይገባቸው ነበር፤ በዚህ እስማማለሁ። ያልመረጧቸው ጋዜጠኞች ናቸው የተሳሳቱት። የነሱን ስህተት በሪቬራ መድገም ነበረባቸው ወይ? በቀጣዩ ዓመት ጄተር ከ397 ድምፅ 396 አገኘ። አንዱ ሰው ለምን እንደነፈገው እስከ ዛሬ ወጥቶ አልተናገረም። ከዚህ ይልቅ የ425ቱ አይሻልም?

የቦስተን ሰው

በዚህኛው አሳመንከኝ። ስለ ኢኒንጉ ግን አቋሜ ያው ነው። ጥሩ ጨዋታ ጀማሪና ጥሩ ክሎዘር ምረጥ ብትሉኝ ጀማሪውን እወስዳለሁ። የዋሽንግተን ናሽናልስ በ2019 ቡልፔኑ ደካማ እየሆነ ዋንጫ በልቷል። በሰባተኛው ጨዋታ በመሀል ገብቶ ሦስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ የወረወረው ፓትሪክ ኮርቢን ራሱ ጨዋታ ጀማሪ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ያንን ዓመት እዚሁ ነበርኩ፤ ስንት ድል በስምንተኛው ኢኒንግ እንዳመለጠን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከኮርቢን በኋላ የዘጋው ዳንኤል ሃድሰንም ተቀያሪ ነው። በዓመቱ አጋማሽ በጥድፊያ የፈለጉት ያለሱ ስላልሆነላቸው ነው።

ማለዳ

ቤዝቦል ለማታውቁትና ሪቬራን ማየት ለምትፈልጉ፣ በ2003 ጥቅምት ከቦስተን ጋር ባደረጉት ሰባተኛ ጨዋታ ጀምሩ። ከዘጠነኛው እስከ 11ኛው ሦስት ኢኒንግ ወርውሮ ምንም አላስገባም። አሮን ቡን ሆም ረን መትቶ ሲያሸንፉ ሁሉም ወደ ቡን ሲሮጥ ሪቬራ ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ላይ ሄዶ ተደፋ። ቀጥሎ የ2001ዱን ዘጠነኛ ኢኒንግ እዩ።

የቦስተን ሰው

የ2004ቱ አራተኛ ጨዋታም ይካተት። ሮበርትስ ከመስረቁ በፊት ሪቬራ ስንት ጊዜ ወደ መጀመሪያው ቤዝ እየወረወረ እንዳስጠነቀቀው አስተውሉ።